ቻርኪ በሆስፒታሉ ግቢ

ቫልዲቪያ፣ ሐሙስ ኦገስት 15 ቀን 2019

ውድ ሊሳንድሮ፣

«ውድ» የምትለውን ቃል ልጻፋት ወይስ ልተዋት እያልኩ ሳመነታ የማቴ ሻዬ በረደ። ይኸው ጻፍኳት።

እዚያ በአገሩ ጫፍ፣ በዚያ ነፋስ፣ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ ጭነት መኪና ላይ መቀመጥ እንደማይስማማህ ሐኪሙ የነገረህ እኔ ፊት ስለሆነ ብጠይቅ አይፈረድብኝም። እዚህ ዝናቡ የምታውቀው ነው፤ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አላባራም። ዛሬ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነውና ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ለሦስት መቶ ልጆች ምስር የማልቀቅልበት ቀን በስንት አንዴ ነው የሚገኘው! እስከ ረፋድ ልተኛ ብዬ ነበር፤ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ደክሞኛል ሊሳንድሮ። ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ድካም አይደለም።

ስለ ቻርኪ እህትህ ሳትነግርህ አትቀርም። «ኤርሲሊያ ያንን ውሻ ፖሊስ ልታደርገው ነው መሰለኝ፤ በየሳምንቱ ወደ እሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሽ ትጎትተዋለች» ስትል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ፖሊስ አልሆነም። የታመመ ሰው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሲዳስሱት የሚታገሥ፣ ሲያቅፉት የማይደነግጥ ውሻ ነው የሆነው። የምስክር ወረቀትም አለው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

አንተ ከሄድክ በኋላ ቻርኪ አራት ወር ሙሉ የልጃችን የሚያራይ ክፍል በር ላይ ተጋድሞ ከረመ። እሷ ቻርኪ፣ ቋንጣ፣ ብላ ስም ያወጣችለት ደርቆ ስለመጣ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ስሙ የባሰ ገጠመው። እኔም ከሱ አልሻልም ነበር። ሁለታችንም አየር እናግኝ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ እወስደው ጀመር። አምና ጸደይ ላይ፣ የባሕር አንበሶቹ የሚጋደሙበት ደረጃ አጠገብ አንድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። ጠጥቶም ይሆናል። ሰው ሁሉ ዓሣውን አንጠልጥሎ ያልፈዋል። ቻርኪ ገመዱን ከእጄ አስለቅቆ ሄደና አገጩን ሰውየው ጉልበት ላይ አሳረፈ። የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጡን ተወ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። ልቅሶው ግን ቆመ።

ከኋላዬ አንድ ሆዱ የገፋ ሰው፣ «እመቤት፣ ይህን ውሻ ማን አሰለጠነው?» አለኝ።

«ማንም። የሚያውቀው ጫማ መብላት ብቻ ነው» አልኩት።

«የጫማውን ነገር ለእኔ ይተዉት። አሁን ያደረገውን ግን እኔም አላስተምረውም፤ ይዞት ነው የተወለደው።»

ዶን ሁቬናል ይባላል። ሠላሳ ዓመት የፖሊስ ውሻ ሲያሠለጥን ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። አሁን በነፃ፣ የሰው የቤት ውሻ እያስተማረ ሆስፒታል ያስገባል። «ሆስፒታል» ሲል ገመዴን ሰብስቤ ልሄድ ተነሳሁ። «የሕፃናት ካንሰር ክፍል» ሲል እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ስንት አለ?

እና ጀመርን። ረቡዕና ዓርብ ከሥራ በኋላ፣ እግሬ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ፣ አዳራሹ ውስጥ። ቁጭ በል፣ ተኛ፣ ቆይ። ይኼ ቀላሉ ነው። ከዚያ ዶን ሁቬናል ወለሉ ላይ የሥጋ ቁራጭ ይጥላል፤ ቻርኪ እያየ ማለፍ አለበት፤ ምክንያቱም ሆስፒታል ውስጥ የሚወድቀው ክኒንም ሊሆን ይችላል። የብረት ትሪ ከኋላው ይወረውራል። በተሽከርካሪ ወንበር እግሩ ሥር ይነዳበታል። ጆሮውን ይጎትታል፣ ጅራቱን ይይዛል፣ እንደ ሕፃን እየጮኸ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። ያን ሁሉ ሆድ ይዞ ሕፃን ሲሆን ብታየው! እኔ እንኳ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

አንድ ቀን ቻርኪ ሲያዛጋ አየሁና «እንቅልፉ መጣ» አልኩ።

«እንቅልፍ አይደለም» አለኝ ዶን ሁቬናል። «ውሻ እንዲህ ሲያዛጋ፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር ጨንቆታል ማለት ነው። ያኔ ይዘውት ይወጣሉ። እሱ በቃኝ ማለት አይችልም፤ የሚልለት እርስዎ ነዎት።»

ልጃችንም በቃኝ ማለት አትችልም ነበር። 

ማርች ላይ ፈተና ሆነ። ከሳንቲያጎ አንዲት ፈታኝ መጣች። ቻርኪ ሥጋውን አለፈ፣ ትሪውን አለፈ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሦስት ደቂቃ ብቻውን ቆየ። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ አልብሰው አስተኝተዋል፤ የታመመች ለማስመሰል ነው። ጤነኛ ናት፣ የአንዱ እሳት አደጋ ሠራተኛ ልጅ። ፀጉሯን ግን በሻሽ ጠቅልለውት ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። እጄ ገመዱን እንዴት እንዳነቀው አላውቅም። ቻርኪ አዛጋ፣ ደግሞ አዛጋ፣ ወደ አልጋው አልቀርብም ብሎ እግሬ ሥር ተኛ።

ፈታኟ ወረቀቷን አጠፈች። «ውሻው እንከን የለበትም፤ የታመመው በገመዱ ሌላኛው ጫፍ ያለው ነው» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። እውነቷን ነው።

ያኔ ነው ለዶን ሁቬናል የነገርኩት። ያቺን ቀን። አንተ ቻርኪን በካፖርትህ ሸፍነህ በዝናብ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የቆምክባትን። ስልክ ደውለህ «ውረጂ፣ ውሻውን እናስገባው፤ ዘበኛው አብሮኝ የተማረ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይሰጠናል፤ ልጅቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው» ያልከኝን። እኔም «አይሆንም፤ ደሟ ወርዷል፣ በሽታ ይጋባባታል ብለው አበባ እንኳ ከልክለዋል፣ ልትገድላት ነው ወይ?» ያልኩህን። በአራተኛው ቀን ማረፏን። የዘጠኝ ቀኑ ጸሎት ያለቀ ለት «አንድ ነገር ነበር የጠየቀችው» ብለህ የተናገርከውን፣ ከዚያም ወዲያ ያልተነጋገርነውን።

አላጽናናኝም፤ በደግ ቀን የተፈጠረ ሰው ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ገመዱን በሁለት ጣቶቼ አስያዘኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚይዙት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። ሲጨንቅዎ እጅዎ መጨበጥ ይፈልጋል፤ አይፍቀዱለት» አለ። ሦስት ወር በሁለት ጣት ስሄድ ከረምኩ። ጁን ላይ ፈተናውን ደግመን አለፍን።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ እየወሰድኩ እንገባለን። ዋዜማውን አጥበዋለሁ፣ ጥፍሩን እሞርዳለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አይሠራም። የመጀመሪያው ቀን ከአሳንሰሩ ስንወጣ ያ የመድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ልመለስ ነበር። ሲስተር ኖርማ አሁንም እዚያው ናት፤ ሚያራይን ታጥብ የነበረችው። አቀፈችኝና ለቻርኪ «ደግሞ አንተ፣ ስምህን ስሰማ ኖሬ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለችው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋት። «ያኔ እንዲህ ሠልጥኖ፣ ወረቀት ኖሮት ቢሆን ይገባ ነበር?»

«ደሟ እንዲያ ወርዶ? ጳጳሱም ቢመጡ አይገቡም ነበር» አለችኝ። «ልክ ነበርሽ ኤርሲሊያ።»

ልክ ነበርኩ። ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ። በአእምሮዬ ስንቴ ደውዬ ነግሬሃለሁ መሰለህ። ስሰማው ግን ምንም አልመሰለኝም። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ልክ ነበርኩ እያልኩ እሳቱን አቀጣጠልኩ፣ ልክ ነበርኩ እያልኩ ብቻዬን ራቴን በላሁ።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ነው።

ዳፍኔ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለች፤ ከፓንጊፑይ ነው የመጣችው፤ አያቷ ታስታምማታለች። አፏ ስለታም ነው። መጀመሪያ ቻርኪን ስታይ «ይሄ ውሻ ነው ፍየል?» ብላ አያቷን አሳፈረች። ቻርኪም ከሌሎቹ ሁሉ እሷ ጋ መቆየት ይወዳል። ማክሰኞ ስንደርስ ግን በሯ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ደሟ ወርዷል። አያቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ሌሊቱን ሙሉ ፍየሌ መጣ ወይ ስትል ነው ያደረችው፤ ምን ልበላት?» አለችኝ።

 ኖርማ ከአጠገባችን ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «ግቢ ውረጂ፤ ከመስኮቷ ሥር ቁሙ። እኔ አልጋዋን አስጠጋታለሁ» አለችኝ።

ወረድኩ። ከመጋዘኑ ግድግዳ አጠገብ፣ ውሃው ከአሸንዳው በሚወርድበት፣ አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ቆምን። ቀና ብዬ አየሁ። ሁለተኛ ፎቅ ሩቅ አይደለም ሊሳንድሮ። ዳፍኔ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች፤ አፍንጫዋ ተጨፍልቋል። ቻርኪ መጀመሪያ አላያትም። ከዚያ አያትና ማንም ሳያዘው በሁለት እግሩ ቆመ። ፍየል መሰለ፣ እውነቷን ነው። እሷ ስትስቅ አየኋት፤ ድምፅ የለም፣ አፏና ትከሻዋ ብቻ። አያቷ ከኋላዋ ታለቅሳለች። አልዳሰሰችውም፣ አላቀፈችውም። ግን ቀኑን ሙሉ ስለሱ ስታወራ፣ ምሳዋንም ጨርሳ ስትበላ ዋለች ብላ ኖርማ አመሻሹ ላይ ደወለችልኝ።

ሊሳንድሮ፣ የማታውቀውን ልንገርህ። ለዶን ሁቬናልም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። የሚያራይም አልጋ ያለው መስኮቱ ጋ ነበር። አንተ ከታች እንደቆምክ አይቻለሁ። ቻርኪ ከካፖርትህ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ ነበር። እሷ «ማማ፣ አባባ መጣ እንዴ?» ብላ ቀና ልትል ስትል ተነሥቼ መጋረጃውን ዘጋሁት። «አልመጣም፣ ዝናብ ነው፣ ተኚ» አልኳት። አይታ ልትዳስሰው ካልቻለች የባሰ ታለቅሳለች ብዬ ነው። የባሰ ይከፋታል ብዬ። አንተ ግማሽ ሰዓት በዝናብ የተዘጋ መጋረጃ ስታይ ቆየህ፤ እኔም ከውስጥ ሆኜ እስክትሄድ ጠበቅሁ።

እንዳታስገባው መከልከሌ ልክ ነበር። መጋረጃው ግን ልክ አልነበረም። ሁለት ዓመት በመጀመሪያው ስከራከር የኖርኩት ሁለተኛውን እንዳልነግርህ ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና አሁን ሰምተኸው እንዴት ትላለህ? ያን ቀን አባቷ አልመጣም ብዬ ዋሽቻታለሁና፣ መጥተህ እንደነበር ቢያንስ አንተ እወቀው። ይዘህላት መጥተህ ነበር።

ሌላ ብዙ ወሬ የለኝም። የምድጃው ጭስ ማውጫ ሾልኮ ነበር፣ አሠርቼዋለሁ። የሚያራይን ክፍል ግድግዳ ሻጋታ ስለያዘው አልጋዋን ወደ መሐል ስቤዋለሁ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ቻርኪ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤ አፉ ዙሪያ ሸብቷል። ዶን ሁቬናል ሁለት ዓመት ይሠራል ባይ ነው። ውሻው እንዳይሰለችና እኔም እንዳልወድቅ፣ ገመዱን በየተራ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል ይላል፤ ውሻው ድሮ የሚያውቀው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ገመድ ለሚይዙ ሰዎች ትምህርት ኦክቶበር ላይ ምዝገባ አለ። የማንንም ስም አላስመዘገብኩም። ቦታ አለ ወይ ብዬ ብቻ ጠይቄአለሁ። አለ።

መንገድ ላይ በረዶ ሲኖር ቀስ ብለህ ንዳ። ሹራብህን ከውስጥ ልበስ፣ ከላይ አይደለም። እመቤታችን ከፊትህ ትቅደም፣ ልጃችንም ከኋላህ ትከተልህ፤ የተኛህበት ይሙቅ፣ የበላኸው ይስማማህ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የምንገባው፤ በግቢው በኩል።

ኤርሲሊያ