የእግሬ አራራይ

ነሐሴ 3 ቀን 1947 ዓ.ም.
ዝናቡ አላባራም። የዜማ ተማሪዎቼም አልመጡም። ደህና... ጉሮሮዬም ይረፍ። ባለቤቴ ቦጋለች ገደሉ ሥር ያለው ገብሳችን ጎርፍ ገብቶበታል አለችኝ። ነገ ወርጄ አያለሁ።

ነሐሴ 11
ብዕር መያዝ የቻልኩት ገና ዛሬ ነው። ገብሱ ውስጥ እንደቆምኩ ተራራው ተናደ። ቀኝ ቅልጥሜን ድንጋይ ተጫነው። ሰዉ ቆፍሮ አወጣኝ። ወጌሻዋ እመት አስካለ መጥታ አጥንቱን ገጠመች፣ በሸምበቆ ጠፍራ አሰረችው። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። የሲማዳ መሪጌታ በሴት እጅ ጮኸ ይባል እንዴ? ጎበዝ ነኝ!

መስከረም 20
ምኑን ጎበዝ... ተጣሞ ገጥሟል። እመት አስካለ ፈታ ስታየው ተቆጣች።
«ስነካዎ ዝም አሉኝ! ስብራቱን በምን ልወቀው?»
እንደገና ካልተሰበረ ቀጥ ብዬ አልቆምም አለች። መቆም የማይችል መሪጌታ ምን ሊባል ነው? ጥምቀት በታቦቱ ፊት ሌሎች ሲወርቡ እኔ ቁጭ ብዬ ላይ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

መስከረም 22
ነገ ትሰብረዋለች። «አመመኝ» ብላት ምን ይጠቅማታል? ሁሉም ያመኛል። በማውቀው ልንገራት... ቀለል ሲል በግዕዝ ዜማ፣ ሲከብድ በዕዝል፣ ሲወጋኝ በአራራይ።
ይህን ስነግራት «እኔ ዜማ መች ተማርኩ መሪጌታ?» ብላ ሳቀች።
ሦስቱንም አዜምኩላት። ቶሎ ለየቻቸው።

መስከረም 23
ሰበረችው። ወይ አራራይ! መንደሩ ሁሉ ሰማ። ቦጋለች ጭንቅላቴን ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔ አዜማለሁ፣ እመት አስካለ ትዳስሳለች።
«እዚህስ?» ዕዝል።
«እዚህጋ?» አራራይ!
«አገኘሁት!»
ላብ አጠመቀኝ። ግን አላፈርኩም... ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኅዳር 14
ሌሊቱ ያስቸግራል። ቀስ ብዬ አዜማለሁ፤ ትንፋሼ ረዘም ሲል ሕመሙም ላላ ይላል። እመት አስካለ በቅቤ ስታሸኝ ዛሬ ከግዕዝ አላለፍኩም። ቦጋለችን ይዤ ሁለት እርምጃ ሄድኩ! እሷ እልል አለች፣ እኔ አለቀስኩ።

ጥር 11፣ ጥምቀት
ቆምኩ! መቋሚያዬን ይዤ ከነመሪጌታ አዳነ ጋር ወረብኩ። ከሴቶቹ መሐል የእመት አስካለ ድምፅ...
«መሪጌታ! የትኛው ነው?»
«ግዕዝ!» አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። አዳነ ያበድኩ መስሎት አፈጠጠብኝ። እልልታው ቀለጠ።
አሁን እግሬ አብጧል። ያብጥ! ቆሞ ውሎ ነው ያበጠው።