ነጃት ማንን ታያለች

ማክሰኞ

ልጄ አትወደኝም። ይኸው ጻፍኩት። አራት ወሯ ነው። ስወልዳት ብዙ ደም ፈሶኝ ሁለት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር፤ መጀመሪያ ያቀፋትም ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጡት እሰጣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አስተኛታለሁ፤ ግን የሰው ልጅ በአደራ እንደያዘ ሰው ነኝ። አማቴ አደ ዘይነባ ይህን አይተዋል። እሑድ ወደ ቤታቸው ገሰራ ሲመለሱ ነጃትን ይዘዋት ሊሄዱ ነው። ባሌም ደውሎ እስክትበረቺ እሳቸው ጋ ትቆይ አለኝ። ከደሎ መና ቡና የሚጭን ሹፌር ነው፤ እሱ መቼ ቤት አለና! እኔ ምን አልኩ? እሺ። የሚያናድደኝ ይሄ እሺ ማለቴ ነው።

ነገ ደግሞ ሲስተር ሐዊ ከጤና ጣቢያ ትመጣለች። ለክትባት ስሄድ ብዙ ጠይቃኝ ነበር። ከነጃት ጋር ስሆን በስልክ ቀርጻን በኋላ አብረን እናየዋለን አለች። ምን ልታገኝብኝ ነው?

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። ከንጋት ጀምሬ ቤት ስጠርግ ዋልኩ፣ አዲሱን ሻሽ አሰርኩ፣ ነጃት እንዳታዋርደኝ ብዬ እስክትጠግብ አጠባኋት። ሲስተር ሐዊ ስትደርስ ልጅቷን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። አደ ዘይነባ ደግሞ ስልኩም ያው ዓይን ነው ብለው ፊቷን በነጠላ ሸፈኑት። አምስት ደቂቃ ሙሉ የተቀረጸው እኔና አንድ ጥቅልል ጨርቅ! ሲስተር ሐዊ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ፈተና አይደለም አለችኝ። ነገ ነቅታ ሳለች ልብሷን ቀይሪላት፣ ሌላ ምንም አታድርጊ። አደ ዘይነባን በኦሮምኛ ስትለምናቸው ቆየች፤ ከእኛ በቀር ማንም እንደማያየው ነገረቻቸው። ማሻአላህ ሳትይ እንዳትጀምሪ ብለው ፈቀዱ።

ሐሙስ

ተቀረጽን። ነጃት አለቀሰች፣ የሹራቡ እጅጌ አልገባ አለኝ፣ ዳይፐር ረስቼ ላመጣ ተነሳሁ። እንዳለቀ ልጅቷን ለአደ ዘይነባ ሰጥቼ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ። ሲስተር ሐዊ ቅዳሜ አሳይሻለሁ ብላለች። እስከዚያ ምን ይውጠኛል?

ዓርብ

ለእሑድ የነጃትን ልብስ አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ሹራብ። አምስት ካልሲ፣ አንዱ ብቻውን። ወፍራሙ ብርድ ልብስ። በዚህ ደመና አልደርቅ ያሉት ጨርቆች። እፎይ እላለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላልኩም። ማልቀስም አልመጣልኝም። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስመላለስ ዋልኩ።

ቅዳሜ

ሲስተር ሐዊ የሐሙሱን ቪዲዮ አሳየችን። ጥፋቴን ልትቆጥርልኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። ዳይፐር ላመጣ ተነስቼ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ነጃት ለቅሶዋን አቁማ፣ አንገቷን አዙራ ወደሄድኩበት ታያለች። አደ ዘይነባ አጠገቧ ሆነው ያጨበጭባሉ፣ ስሟን ይጠራሉ፤ ዞር ብላም አላየቻቸው። ስመለስ እግሯን ማወራጨት ጀመረች።

«ማንን ነው የምታየው?» አለችኝ ሲስተር ሐዊ።

«በሩን።»

መልሳ ከፈተችው። ደግማ ከፈተችው። በሦስተኛው «እኔን» አልኩ፤ አልኩና ለቅሶዬ መጣ። ለካ ሁልጊዜ የማየው እጄን ነበር፤ ምን እንደሚያጠፋ። ፊቷን አይቼው አላውቅም።

አደ ዘይነባም አብረውን አዩት። የነጃትን ሻንጣ ግን አልፈቱትም።

እሑድ

የገሰራው ሚኒባስ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል። አደ ዘይነባ ነጃትን ሊያዝሉ አንቀልባውን አዘጋጅተው ጎንበስ አሉ። እንደወትሮው ላቀብላቸው ነበር። እጄ አልለቅ አለ።

«ይቅር ይበሉኝ፤ ነጃት አትሄድም።»

ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቢያቅትሽስ?»

እደውልልዎታለሁ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አንቀልባውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ ዱዓ አድርገውልን ወጡ። ይቆጡ፣ ይዘኑ አላውቅም። ባሌም ገና አልሰማም።

አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። ፈርቻለሁ። ነገ እንደገና ድንጋይ ብሆንስ? ሲስተር ሐዊ የምትመጣው በሳምንቱ ነው። ነጃት ተኝታለች። ሌላ ጊዜ እንዳትነቃብኝ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምራመደው። ዛሬ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየኋት፤ አልነቃችም። ብትነቃልኝ ብዬ ድስቱን ኳ አድርጌ አስቀመጥኩት። አሁንም አልነቃችም።