ዕቃዬን ላገኘልኝ ሰው አድራሻዬን ስለ ሰጣችሁልኝ

ለክቡር አቶ ኦኩዳይራ
የሚናሚዛካ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ

በዚህ በረዶ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ምድጃዎ አይጥፋ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እኔ የጨርቅ መደብር ሠራተኛዋ ኩዋባራ ሺኖ፣ በፍርሃት ከመኖሬ በስተቀር ደኅና ነኝ።

1. ሙኔታ የሚባል የቀድሞ ባልደረባዬ ከባቡር ጣቢያ እስከ ቤቴ እንደሚከተለኝ ባመለከትኩ ጊዜ፣ «እስካሁን ምንም አላደረገሽም እኮ» ብላችሁ ስላጽናናችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚሁ ተጽናንቼ ቤት ቀየርኩ፤ በኮረንቲ የምታደነዝዝ የእጅ መሣሪያም ገዛሁ።

2. ስለ መሣሪያዋ ጥቅም እውነቱን ልናገር። እንድትሠራ ሰውየው አጠገቤ መድረስ አለበት፤ እኔ ደግሞ የምለምነው እንዳይደርስብኝ ነው። ያንን ወፍራም የክረምት ካፖርቱን አልፋ ገላው ላይ መድረሷም ያጠራጥራል። ከነጠቀኝማ በገዛ ገንዘቤ እኔኑ ያንዘፈዝፈኛል! በዚያ ላይ የጃፓን ሕግ እቤት አስቀምጫት እንጂ ይዣት እንዳልወጣ ያዛል፤ ሙኔታ ግን የሚጠብቀኝ ውጭ ነው። ወይ ጉድ! የያዝኳት ሌላ ስላጣሁ እንጂ አምኛት አልነበረም።

3. ባለፈው ሳምንት ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሳየው በድንጋጤ ስሮጥ ቦርሳዬ ወደቀ። አንስቶ ለእናንተ ያስረከበው ራሱ ሙኔታ ነው። ባልደረባዎ ቦርሳውን ሲፈትሹ መሣሪያዋን አግኝተው ወሰዷት፤ እኔንም ጠርተው የይቅርታ ጽሑፍ አስጻፉኝ። ቀጥለውም «ዕቃሽን ያገኘልሽን ሰው ማመስገን ወግ ነው፣ ልጄ። አድራሻሽን ሰጥቼልሻለሁ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ!» አሉኝ። ስሙን ሰምቼ «እሱ ነው እኮ የሚከተለኝ!» ብል፣ «ክፉ ሰው ቢሆን ቦርሳሽን ይመልስልሽ ነበር?» ብለው ሳቁ።

ክቡርነትዎ፣ አዲሱን አድራሻዬን ለገዛ እናቴ እንኳ አልነገርኩም ነበር። አሁን ሌላ ቤት ለመከራየት አቅሙም ልቡም የለኝም፤ የምሸሽበት ጠፍቶኛል።

የጣቢያዎ ደጃፍ በረዶ ይቅለልልዎ፣ እኔ ያጣሁት እንቅልፍ ሁሉ ለእርስዎ ይጨመርልዎ እያልኩ፣ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

በጥበቃችሁ ሥር የምትገኘው
ኩዋባራ ሺኖ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት፣ አዲስ ተከራይ ለጎረቤቶቹ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ፎጣ በሬ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁ። «ከእርስዎ በታች ያለውን ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ጉርብትናችን ያማረ ይሁን። ሙኔታ» ይላል። ወጉን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁና፣ በምላሹ ምን ይዤ በሩን እንደማንኳኳ ይንገሩኝ።