ግራጫዋ ርግብና አዲሱ ጣሪያ

ውድ አባዬ፣

ግራጫዋ አላረጀችም። አርብ ማታ ከማገገሚያው ደውለህ የገባችበትን ሰዓት ስነግርህ፣ «አረጀች ማለት ነው፤ እንግዲህ ሁለታችንም ደክመናል» ብለህ ስልኩን ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። ርግብህ ከፈረንሳይ ድረስ በርራ በደህና ሰዓት ቤታችን ላይ ደርሳ ነበር። ያዘገየኋት እኔ ነኝ።

ሶላሩ ጣሪያችን ላይ የሚተከለው የርግብ ውድድሩ ወራት ካለፈ በኋላ እንዲሆን ከአንተ ጋር ተስማምተን ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ተከላዮቹ ደውለው፣ አንድ ደንበኛ ስለቀረባቸው በማግስቱ መምጣት እንደሚችሉ ነገሩኝ። ግራጫዋን ወዳጅህ ጋሽ ሲሪል ረቡዕ ማታ ወስዶ፣ ርግቦቹን ፈረንሳይ አድርሶ ለሚለቀው የውድድሩ መኪና አስረክቧት ነበር። እኔም ብልጥ ነኝና፣ እሷ ከሌለች፣ ሌሎቹንም ቤታቸው ውስጥ ከዘጋሁባቸው የሚረበሽ ወፍ የለም ብዬ «ኑ» አልኳቸው። እባክህ አንብበህ ሳትጨርስ አትቆጣ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ድሪስ የሚባለው አለቃቸውና ሁለት ጓደኞቹ ጣሪያው ላይ ሆነው የመጨረሻዎቹን ፓነሎች ሲያስሩ፣ ጋሽ ሲሪል አብሮኝ ሊጠብቃት በብስክሌት መጣ። ቀና ብሎ አየና ብስክሌቱን መሬት ላይ ጣለው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ። «ትታው የሄደችው ቀይ ጣሪያ ነው። አሁን ይሄን ጥቁር ነገር ስታይ ቤቴ ነው ብላ ትወርዳለች? አንድ ዐይን ያለው ሰው በአፈር ይጫወታል?»

ክው አልኩ። ዳሌህ ከተሰበረ ወዲህ ለእግር ልምምድ ከአልጋህ የምትነሳው ስለ እሷ ሲያወሩልህ ብቻ እንደሆነ ነርሷ ነግራኛለች። ብትጠፋ ምን ብዬ ልነግርህ ነው?

ድሪስን «ንቀሉልኝ» ብዬ ልለምነው አፌን ስከፍት መጣች። ጋሽ ሲሪል እጁን አንስቶ ሰዎቹ ካሉበት እንዳይነቃነቁ አዘዘ። ውድድር ባለበት ቀን እኛ ግቢ ርግቧን እንዳያስደነግጥ ልብስ እንኳ እንደማይሰጣ ታውቃለህ። ሦስቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ አንደኛው ብሎን በጥርሱ እንደነከሰ ነበር። ግራጫዋ ዞረች፣ ደግማ ዞረች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳ ተመለሰችና የጎረቤታችን ጭስ ማውጫ ላይ አረፈች። እዚያው ቁጭ አለች፤ ሰዓቷ የሚመዘገበው ደግሞ ርግብ ቤቱ ስትገባ ብቻ ነው። የሌሎች ሰዎች ርግቦች እየገቡ መሆናቸውን የጋሽ ሲሪል ስልክ በየደቂቃው ይናገራል።

«ጥሪያት» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔ? እሷ የምታውቀው የአባዬን ድምፅ ነው።»

«አባትሽ እዚህ የለም። ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ጥሪያት።»

የእህሉን ቆርቆሮ አንስቼ አንተ እንደምታደርገው አንኳኳሁ። «ነይ እናቴ፣ ነይ» አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ። አፌ እስኪደርቅ ጠራኋት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ክንፏን ዘረጋችና ጣሪያውን እንዳላየች በላዩ አልፋ በቀጥታ ወደ ርግብ ቤቱ ገባች። ሳሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከላይ ያሉት አጨበጨቡ፤ ድሪስም ሲወርድ «እኔ ደግሞ እዚያው የማድር መስሎኝ ነበር» አለ። እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም፣ አባዬ።

ውድድሩን እንዳሳጣሁህ አውቃለሁ። ከፈለግክ ስትመጣ ተቆጣኝ፤ እችለዋለሁ። ሶላሩ ግን ይሠራል። በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ደረጃውን የሚያወጣህ አዲሱ ወንበርህም በእሱ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ጋሽ ሲሪል ለሙከራ ነው እያለ ሲወጣና ሲወርድበት ዋለ።

ዛሬ ጠዋት እሷንም ሌሎቹንም ለቀቅኳቸው። ልቤ ተንጠልጥሎ ሳይ፣ መንደሩን ዞረው ተመለሱና አዲሶቹ ፓነሎች ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሞቁ፤ ኩሳቸውንም ጣሉበት። ጋሽ ሲሪል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስጠራቸው እየተጋፉ ገቡ፤ ቆጠርኳቸው፣ አንድም አልጎደለም።

ሁሉም ቤታቸው ገብተዋል፣ አባዬ። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

ልጅህ ሊስቤት
ኔቬለ