ከሱቄ ወጥቶ ሞያሌ የደረሰው ወሬ

ቀን፦ ሚያዝያ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.
ነገሌ ቦረና

ለውጭ ዜጎች መኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሞያሌ

ጉዳዩ፦ በኬንያዊቷ መምህርት ኔኬሳ ዋፉላ ላይ የቀረበው ጥቆማ መነሻው የእኔ የአመልካቿ ቀልድ መሆኑን ስለማስረዳት እና ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት እንዲጣራ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

አቤት የሚል ሰው የተበደለ ነው። እኔ ግን በዳይዋ ራሴ ሆኜ አቤት ማለቴ እንደሚያሳፍረኝ አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው ባስልዮስ ጉዳዬን ሰምቶ ሲያበቃ ብዕሩን ከደነና፣ «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ሰው በራሱ ላይ የሚያመለክትበትን አጻጻፍ እኔ አልተማርኩም» ብሎ ስለመለሰኝ በገዛ እጄ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። አጻጻፌ ከሥርዓት ቢወጣ ምክንያቱ ይኸው መሆኑ እንዲታወቅልኝ።

1. እኔ አመልካች ነገሌ ከገበያው ጀርባ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያለኝ፣ ከጉራጌ አገር ከባለቤቴ ጋር መጥቼ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩ፣ ባለቤቴንም እዚሁ የቀበርኩ ሴት ነኝ። ግብሬን በወቅቱ እከፍላለሁ፤ ክስ ኖሮብኝ አያውቅም። ያለብኝ አንድ ነገር አፍ ነው። ሱቄን ሰዉ «ሬዲዮ ጣቢያው» ይለዋል። ስኳር የሚገዛውም የማይገዛውም ወሬ ይዞ ይገባል፣ ሌላ ወሬ ይዞ ይወጣል። እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው።

2. መምህርት ኔኬሳ ቡንጎማ ከሚባል የኬንያ አገር በመስከረም 2007 ዓ.ም. መጥታ፣ በቤተ ክርስቲያን በሚተዳደር አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የምትኖረው በእኔ ግቢ፣ ከኋላ ባለው ክፍል ነው። አገሩን እንዴት እንደለመደችው ከእኔ የበለጠ ያየ የለም። ሰዓቱ አላስቸገራትም፤ የእነሱም ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ይቆጠራል። ቀኑ ግን አምታቷት ነበር፤ ልደቷ በእነሱና በእኛ አቆጣጠር ሁለት ጊዜ ስለዋለ ሁለቱንም አክብረናል። የበቆሎ ገንፎዋን በጎመን ስትበላ የሰፈሩ ልጆች በመስኮት ያዩአት ነበር። ቀስ እያለች ውሃ በአህያ ጋሪ ሲመጣ ጀሪካኗን ተራ ማስያዝ፣ ወተት ሻጮቹን «አካም፣ ናጋ?» ብላ ቀድማ ሰላም ማለት ለመደች። እኔን «ማማ ሸዋ» ትለኛለች። ባለፈው ጥቅምት ወባ ጥሎኝ ሳለ ሦስት ቀን ከአልጋዬ ሥር ያልተለየችው እሷ ናት። የገዛ እህቴ በስልክ ብቻ ነበር የጠየቀችኝ።

3. መምህርቷ ከእጇ የማትለየው ሰማያዊ ደብተር አላት፤ አሁን በእርስዎ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ማለት ነው። ያየችውን ትጠይቃለች፣ የተነገራትን ትጽፋለች። «ማማ ሸዋ፣ ይህ ምን ይባላል? በኦሮምኛስ? ስንት አለሽ?» መጋቢት 2 ቀን ሱቄ ውስጥ ቆማ የዘይት ጀሪካኖቼን በጣቷ ስትቆጥር አየሁና ከነከነኝ። እውነቱን ሁሉ ልናገር ካልኩ፣ ያን ዕለት ጠዋት ደንበኞች ፊት «ይህ ዳቦ የትናንት ነው አይደል?» ብላኝ ስለነበር ቂም ቢጤም ይዤ ነበር። ዳቦው የትናንት ነበር።

4. እሷ እንደወጣች ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ መሪማ ገባችና፣ «ያቺ እንግዳሽ ሁልጊዜ ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?» አለችኝ። እኔም፣ «አልሰማሽም እንዴ! ሰላይ ናት እኮ። ነገሌን ቆጥራ ስትጨርስ ለመንግሥቷ ታስረክባለች፤ የቀራት የአንቺ ድሪያ ቀሚስ ብዛት ነው» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። በዓቢይ ጾም ሥጋና ቅቤ ትቼ የሰው ሥጋ የበላሁት እንዲህ እየሳቅሁ ነው።

5. ሳምንት ሳይሞላ ወተት የምታመጣላት ሴት ደጇን እያለፈች መሄድ ጀመረች። መምህርቷ «ናጋ?» ስትል የሚመልስላት ጠፋ። ሦስት ወላጆች ልጆቻቸውን ከቅዳሜ ማስጠኛዋ አስወጡ። ከዕለታት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሱቄ ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ማማ ሸዋ፣ ምን አጠፋሁ? ሰላምታው ላይ እየተሳሳትኩ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። መነሻውን የማውቀው እኔ፣ «ሙቀቱ ነው ልጄ፣ በሙቀት ሰው ይነጫነጫል» አልኳት። እሷም አምናኝ በማግስቱ ለሰዉ ሰላምታ መስጠቷን ቀጠለች። ክቡር ኃላፊ፣ ስለ ቀልዱ ይቅርታ ቢደረግልኝ እንኳ ስለዚህ መልሴ ይቅርታ የሚጠየቅበትን መስኮት አላውቀውም።

6. መጋቢት 21 ቀን ፈቃዷን ለማሳደስ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስትመጣ «ሰላይ ናት» የሚል ጥቆማ እንደደረሰባት ተነግሯት ደብተሯ ተይዟል። እስከ ሚያዝያ 10 ቀን ማስተባበያ ካልቀረበ ፈቃዱ እንደማይታደስና ከአገር እንደምትወጣ የሚገልጽ ደብዳቤም ተሰጥቷታል። ጽሕፈት ቤቱ ሥራውን ነው የሠራው፤ በጠረፍ ከተማ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ጥቆማ ሰምቶ ዝም ቢል ነበር የሚገርመኝ። ነገር ግን ሠላሳ ስምንት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ሰባት ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ እሷ ከሄደች የሚያስተምራቸው ሌላ የእንግሊዝኛ መምህር የለም።

7. ደብዳቤውን ይዛ በተመለሰች ማግስት ሱቄን ለአራት ቀን ዘግቼ ወሬዬን እግር በእግር ተከተልኩት። መሪማ መጀመሪያ «ለማንም አልነገርኩም» ብላ ማለች፤ ቀጥላ «ለናስር ብቻ ነው የነገርኩት፣ እሱም ወንድሜ ማለት ነው» አለች። ናስር በአይሱዙ ከነገሌ በያቤሎ በኩል ሞያሌ የሚመላለስ ሾፌር ነው። እሱ ደግሞ፣ «እትዬ፣ ምን ላድርግ? መንገድ ላይ ዱብሉቅ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ስቆም ‹ናጋ፣ ናጋ› ከተባባልን በኋላ ‹ኦዱ? ምን ወሬ አለ?› ይሉኛል። ወሬ የለኝም ብል ወይ ንፉግ ወይ በሽተኛ እባላለሁ» አለኝ። ልክ ነው፤ በዚያ አገር መንገደኛ ወሬ ማድረስ ግዴታው ነው። ውሃው የት እንዳለ፣ ዝናቡ የት እንደጣለ የሚታወቀው በዚህ ነውና ማንም አይዋሽበትም፣ ማንም አይጠራጠረውም። የእኔን ቀልድ ያን በመሰለ መንገድ ላይ ነው የለቀቅኩት። ናስርን «በል ውሰደኝ» አልኩትና ጋቢና ተሳፈርኩ።

8. ዱብሉቅ ላይ በጉድጓዱ የውሃ ተራ የሚያስከብሩትን ሽማግሌ፣ ኦቦ ጎዳናን አገኘሁ። እሳቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ቆጥራናለች። በጥር ወር ተማሪዎቿን ይዛ መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ውሃ የሚያወጡትን ልጆች በጣቷ ቆጠረች። ሰውና ከብት በጣት አይቆጠርም፤ በረከት ይሸሻል። እንግዳ ናት፣ አታውቅም ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ የናስር ወሬ ሲመጣ፣ ለካ ለዚህ ኖሯል አልኩ።» ሰላይ ናት ብለው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «እኔ ቆጠረች ነው ያልኩ። ሰላይ የሚለው ከነገሌ ነው የመጣ። አንቺስ የነገሌ ሰው አይደለሽ? ማን እንደጀመረው አታውቂም?» አሉኝ። የሰጡኝን ወተት፣ ጾም ስለሆነ ያልጠጣሁትን፣ መሬት አስቀመጥኩት። ነገርኳቸው። በዚህ ሁሉ መንገድ መጀመሪያ የተናዘዝኩት ለእሳቸው ነው። እሳቸውም፣ «ጉድጓድ ሲደፈርስ ከላይ አይጸዳም፤ ታች መውረድ ነው። ሞያሌ ሂጂ» አሉኝ።

9. ሞያሌ ስደርስ ወሬው ከእኔ ቀድሞ አድጎ ጠበቀኝ። በአንድ ምግብ ቤት ያስተናገደችኝ ሴት ከነገሌ መምጣቴን ስትሰማ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ የመምህርቷ ባል ኮሎኔል መሆኑን፣ መገናኛ ሬዲዮዋንም በገንፎ ድስት ውስጥ እንደምትደብቅ አጫወተችኝ። «ማን አየ?» አልኳት። «ግቢዋ የምታኖራት ባለሱቅ ናታ! ሸዋርካብሽ የምትባል። በዓይኗ በብረቱ አይታለች።» ክቡር ኃላፊ፣ ባልዋልኩበት የዓይን ምስክር ሆኜ ተገኘሁ። ከዚያ ተነስቼ እስከ ጽሕፈት ቤትዎ በር መጣሁ፤ ጥበቃው «ምን ፈለጉ እናቴ?» ሲለኝ «መንገድ ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስኩ። ይህ ደብዳቤ ያን ዕለት መግባት የነበረበት ቃሌ ነው።

10. ስለ ደብተሩ። የትምህርት ሚኒስቴሩ መጽሐፍ ላይ ስለ በረዶና ስለ ምድር ውስጥ ባቡር የተጻፈው ለልጆቹ አልገባ ሲላቸው፣ መምህርቷ በሚያውቁት ነገር ዓረፍተ ነገር እየሠራች ታስተምራቸዋለች። ቆጠራው ለዚህ ነው። ይህን የማውቀው ነግራኝ አይደለም፤ ከሞያሌ ስመለስ የተማሪዎቹን ደብተር ቤት ለቤት ለምኜ ሰብስቤ ነው። ሄራን የተባለችው ተማሪ ኅዳር 14 ቀን ከሰሌዳ የገለበጠችው፣ «ሰባት አይሱዙዎች ድልድዩን ተሻገሩ። ሁለቱ ጨው ጭነዋል። ሌሎቹ ምን ጭነዋል?» ይላል። ጥር 20 ቀን፣ «ጉድጓዱ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ቆመው እየዘፈኑ ውሃ ያቀብላሉ» ይላል። ሁለቱም እኔ ከመቀለዴ በፊት የተጻፉ ናቸው። መጋቢት 5 ቀን ደግሞ ስለ እኔ ተጽፏል፦ «ሸዋ በሱቋ ሃያ አራት ጀሪካን ዘይት አላት። ሸዋ በከተማችን ደግ ሴት ናት።» ሄራን ይህን ተርጉማ ስታነብልኝ፣ «እትዬ፣ ለምን ያለቅሳሉ? ቀላል ዓረፍተ ነገር ነው እኮ» አለችኝ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣

ሀ. በእጅዎ ያለው ሰማያዊ ደብተር መምህርቷ ባለችበት ተከፍቶ ከዚህ ጋር ከማያይዛቸው አራት የተማሪዎች ደብተሮች ጋር እንዲመሳከር፤

ለ. የእኔ ቃል በመሐላ እንዲመዘገብና፣ በሐሰት ወሬ የሚጠየቅ ሰው ካለ መሪማ፣ ናስርና ኦቦ ጎዳና ሳይሆኑ እኔ እንድጠየቅ፤

ሐ. ማጣራቱ ከሚያዝያ 10 ቀን የሚያልፍ ከሆነ ቢያንስ ልጆቹ እስኪፈተኑ ድረስ እንድትቆይ ጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሰጣት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳልገልጽ ባልፍ ማመልከቻው ጎደሎ ይሆናል። መምህርት ኔኬሳ የወሬው መነሻ እኔ መሆኔን እስከዚች ሰዓት አታውቅም። ትናንት መጻሕፍቷን የምታሽግበት ካርቶን ጠይቃኝ ሦስት ባዶ የሳሙና ካርቶን ሰጥቻታለሁ፤ «አመሰግናለሁ ማማ ሸዋ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽልኝ» ብላኛለች። ነገ ለምሳ ስትመጣ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነብላታለሁ። ያልገባትን እደግምላታለሁ። ከዚያ ረቡዕ በናስር መኪና ተሳፍሬ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 6 ቀን ጠዋት በርዎ ላይ እገኛለሁ፤ በዚህ ጊዜ መንገድ አልሳሳትም። አብራኝ ብትመጣም፣ ከግቢዬ ብትወጣም፣ ፊቷን አዙራ ዝም ብትለኝም፣ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለክቡርነትዎ በቃሌ አስረዳለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከብዙ እፍረት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሸዋርካብሽ ጥሩሰው
የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ፣ ነገሌ ቦረና

አባሪ፦ አራት የተማሪዎች ደብተሮች

ግልባጭ፦
ለመሪማ፣ ለናስር እና ለኦቦ ጎዳና፣ እንዲያውቁት
ለመምህርት ኔኬሳ ዋፉላ፣ ከሁሉም አስቀድሞ፣ በእጇ