ውሃው እስኪጎድል

ውድ ምትኩ፣

መጀመሪያ ዕቃህን መጠቅለል አቁም። አሁኑኑ፣ የያዝከውን ገመድ አስቀምጥና ቁጭ ብለህ አንብብ። እንደ ፈተና ወረቀት እያገላበጥክ ብታነበው ግን አንተው ነህ የምትጎዳው።

ደብዳቤውን ያመጣልህ ሰው ለሜሳ ይባላል። የእህቴ ልጅ ሩቲ እዚህ ጅቡቲ ለምትሠራበት የትራንዚት ቢሮ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቤቱን ለአከራይህ አስረክበህ ሆሳዕና ወንድምህ ጋ ጠቅልለህ እንደምትገባ ስነግረው፣ "ታዲያ እናቴ፣ እንቅልፍ የሚባል አላይም፤ ሐሙስ ፉሪ ነኝ" አለኝ። ኧረ በጌታ ቀስ ብለህ ንዳ ብዬ ለመንኩት። በሞቴ፣ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቀው።

ለምን አትደውዪም ትለኝ ይሆናል። ድምፅህን ስሰማ ቀልድ ይቀድመኛላ! በቀልዴ የተነሣ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ አንጠለጠልኩህ። ወረቀት ላይ ግን አንተ ፊቴ የለህም፤ እውነቱን መጻፍ አያቅተኝም።

ደግሞ አንተም ጥፋት አለብህ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ስታፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንተ ሒሳብህን እኔ ጂኦግራፊዬን ስናርም ኖረን፣ ለዚህ ወሬ የመረጥከው ቦታ የሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ነው? አንድ ሰው ብቻ የቀረው ታክሲ መጣ፤ አንተ ወደ ውስጥ እየገፋኸኝ፣ "ጡረታዬ ወጥቷል ሣራ፤ ከእንግዲህ እዚህ ከተማ የሚያስቀምጠኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አግቢኝ" አልክ። በሩ ድርግም አለ። በመስኮት "ላስብበት!" ብዬ ጮህኩ። ላፍቶ እስክንደርስ ታክሲው በሙሉ የኔ ጉዳይ ላይ ሲሟገት ነበር። ቲማቲም የታቀፈች አንዲት ሴትዮ "ምን ታስቢያለሽ? ሰውየው ደህና ሰው ይመስላል" ብላ ተቆጣችኝ። አፈርኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼንንም አልነገርኩህም።

ያልነገርኩህ ዋናው ነገር ግን ልጄን መፍራቴን ነው። አባቱ የሞተ ጊዜ ኢያቄም አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ስንቀር፣ "እማ፣ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ" አለኝ። ይኼው ዘጠኝ ዓመት ቃሉን ጠብቆ አለ፤ ደመወዙን፣ ቅዳሜውን፣ ሁሉን ከእኔ ጋር። እንዲህ ላለ ልጅ "ሌላ ሰው ልቤ ገብቷል" ብዬ እንዴት ልንገረው? አባቴን ረሳችው ቢልስ? እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት የሴሚስተሩ እረፍት ደረሰ። ሩቲም ነይ ስትለኝ ከለቡ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሬ ከሁለታችሁም ሸሸሁ። ሽሽት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ስለ ባሕሩ ልንገርህ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ባሕረ ሰላጤ ስስል፣ ባሕር ገደሉን እንዴት እንደሚሸረሽር ሳስረዳ፣ ባሕር የሚባል አይቼ አላውቅም! ልጆቹ "ቲቸር፣ እውነት ጨው ነው?" ሲሉኝ በኩራት አዎ እል ነበር። የደረስኩ ዕለት ሩቲ ዳር ወሰደችኝና እጄን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው ምትኩ! ጨው! ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ ዓሣ የሚሸጡት ሰዎች ቆመው ያዩኝ ነበር።

ትናንትና በጀልባ ወደ ማዶ፣ ኦቦክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተሻገርን። ፈረንሳዮች ወደ ጅቡቲ ከመዛወራቸው በፊት የሰፈሩት እዚያ ነበር። ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ከተሠሩት የድሮ ቤቶች የተራቆቱ ግድግዳዎች ቀርተዋል፤ ቀረብ ብለህ ስታያቸው ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አለ። የሚያስጎበኘን ሁመድ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነበር። ወጣትነቱን እኛ አገር፣ አፋር ክልል ሎጊያ ስላሳለፈ አማርኛው ቀልጣፋ ነው። ገደሉን ይዘን ስንሄድ በየጥቂቱ ያስቆመንና "እዚህ ቁሙ፤ አሁን እዩ" ይለናል። እናያለን። ከእግራችን ሥር ቢጫ ገደል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ታች ነጭ አረፋ፣ ከዚያ ወዲያ መጨረሻ የሌለው ሰማያዊ። እኔ በየቦታው "ሩቲ፣ ይኼ እኮ መጽሐፉ ላይ ያለው ነው!" እያልኩ እጮሃለሁ። ልጅቱ አፈረችብኝ።

ከገደሉ ግርጌ ራቅ ብላ አንዲት አለት አለች። ላይዋ ላይ ጣሪያው የወደቀ የድሮ ጥበቃ ቤት ፍርስራሽ ቆሟል፤ ማን እንደሠራው ሁመድም አያውቅም። ወደ እሷ የሚያሻግር እርጥብ የአሸዋ መንገድ ነበረ። ሁመድ ጉልበቱን ያመዋልና ጥላ ስር ቁጭ አለ። "ባሕሩ ሳይሞላ ተመለሱ" አለን። እኔ ታዲያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ! ደመና የለም። "ኧረ ዛሬ አይዘንብም" ብዬው፣ ጫማዬን አሸዋው ላይ አውልቄ ሄድኩ። የላፍቶ ሰው ውሃ የሚሞላበት ሲዘንብ ነው፣ ምን ላድርግ!

ፍርስራሹን ስንዞር፣ በየመስኮቱ ስናይ፣ ፎቶ ስንነሣ ቆየን። ልንመለስ ብንል መንገድ የለም። አሸዋው የነበረበት ላይ ማዕበል ይጫወታል። "ኢየሱስ ጌታ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ከአለቷ ግርጌ እስከ ፍርስራሹ አናት የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ነበር፤ በእሱ ወደ ላይ ሮጥኩ፤ ሩቲ ከኋላዬ "አክስቴ፣ ተረጋጊ" ትለኛለች፣ ማን ሊሰማት! ግድግዳው አናት ላይ ኔትወርክ ነበረ። ስልኳን ነጠቅኩና ደወልኩ። ለአንተ መሰለህ? ለኢያቄም ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሥራ ላይ ነበር።

"እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ልጄ፣ ባሕር ከቦናል። ሳልሞት አንድ ነገር ልንገርህ። ቲቸር ምትኩ አግቢኝ ብሎኛል። እሺ ልለው እፈልጋለሁ፤ አንተን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።"

ከባሕሩ ይልቅ መልሱ አስፈራኝ።

"ውሃው የት ደርሷል?" አለኝ።

"የመጀመሪያው ደረጃ ላይ።"

"ስንት ደረጃ አለ?"

ቆጠርኩለት፤ አሥራ ዘጠኝ ነው።

"እማ! ታይድ ነው እኮ! ጨረቃ ስትስበው ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጎድላል። ዘጠነኛ ክፍል ፈተና ላይ አምጥተሽብኝ ስሳሳት፣ እቤት ድረስ ተከትለሽ አልተቆጣሽኝም?" አለና ሳቀ። በጣም ሳቀ፤ መድኃኒት ሊገዙ የመጡት ሰዎች ሳይሰሙት አይቀሩም። እውነቱን ነው፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት።

ሳቁን ሲጨርስ ድምፁ ተለወጠ። "እማ፣ እኔ የማላይ መሰለሽ? ቲቸር እሑድ እሑድ መጥቶ ያልተበላሸ ቧንቧ ይጠግናል። እሱ ሲሄድ አንቺ መስኮት ላይ ትቀሪያለሽ። አባዬን ማንም አይተካብኝም፤ ቲቸርም እተካለሁ ብሎ አያውቅም። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። እሱን ሆሳዕና እንዲሄድ ብትለቂው እኔ ራሴ ሄጄ ነው የማመጣው" አለኝ።

አለቀስኩ። ሩቲም አለቀሰች፣ ምኑም ሳይገባት። ከማዶ ሁመድ እጁን እያወዛወዘ "ቁጭ በሉ! ይጎድላል!" ይላል፤ የምሳችንን ፌስታል ከጎኑ አስቀምጦ ሳይነካው ጠበቀልን። እኛም ቁጭ አልን። ለአራት ሰዓት ያህል እዚያ ፍርስራሽ አናት ላይ እግራችንን አንጠልጥለን ዘመርን፣ ወፎቹን ቆጠርን፣ ገደሉ በፀሐዩ ሲቀላ አየን። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንተ ከጎኔ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ፤ ደጋግሜ ነው የተመኘሁህ። እወድሃለሁ ምትኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ውሃው ሲጎድል በጉልበታችን ልክ ተሻገርን። ቀኝ ጫማዬን ድንጋይ መሀል አገኘሁት፤ ግራው የመን ሄዷል። ከተማ ድረስ የገባሁት በሁመድ ሸበጥ ነው።

አሁን ስማኝ። ኢያቄም እናቴን ያለ ሽማግሌ አልሰጥም ብሏል። ሽማግሌዎቹ የሚለምኑት የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ! እኔ ዓርብ እገባለሁ። እሑድ ከቸርች መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስታፋችን ጋሽ ሙሉሰውንና ሁለት የተከበሩ ሰዎች ላክ፤ አንተ ራስህ ዝር እንዳትል። ወጉ ነውና በመጀመሪያው ቀን "እናስብበትና እንነግራችኋለን" ብሎ ይመልሳቸዋል። እንዳትደነግጥ። ሳምንቱን ጠብቀህ መልሰህ ላካቸው። ያን ጊዜ "እሷንም እንጠይቃት" ይላል፤ እኔም ከጓዳ ወጥቼ ሰው ሁሉ እየሰማ እሺ እላለሁ።

ለሌላው ሁሉ አዲስ ዜና ይሆናል። አንተ ግን ዛሬ ሐሙስ፣ ፉሪ፣ ካርቶኖችህ መሀል ቆመህ ከሁሉም ቀድመህ ስማው፤ እሺ ብያለሁ።

ያንተዋ
ሣራ