የየኔታ ድንጋይ

ሰሎምዬ፣ ሞጣ ከቢቸናችን ይልቅ ትቀዘቅዛለች። የፎቶ ቡድናችን የዚህ ሳምንት ርዕስ «ባዶ መቀመጫ» አይደል? የቅኔ ቤቱ የኔታ በቅርቡ አርፈው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስተምሩበት የነበረውን ድንጋይ አገኘሁ። ተማሪዎቻቸው አርባቸው ሳይወጣ ማንም አይነካውም ብለዋል። እኔ ቀልቃላዋ ግን የካሜራ ቦርሳዬን አስቀምጬበት ፎቶ አነሳሁት።

ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው የቡድናችን ልጅ ምናለ፣ «ባዶ ነው እኮ የተባለው! ቦርሳሽን ያቀፉት አባት ማን ናቸው?» አለኝ። ሌሎቹም አዩዋቸው። እኔ ብቻ አይታዩኝም። በዚህ ካርድ ጀርባ ያለው ያው ፎቶ ነው፣ ፖስትካርድ አድርጌ አሳትሜዋለሁ።

መጻፊያ ቦታው አለቀብኝ። እናትሽን እትዬ ወይንእሸትን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ካርዱን ገልብጪና አንቺም እያቸው። ቦርሳዬን ሳነሳው፣ ፀሐይ ሳትኖር፣ ታቅፎ እንደቆየ ሕፃን ይሞቅ ነበር።

ጥሩአየሁ